ወደ ሳነቴ በሞተር ወይስ በብስክሌት?

አዲስ አበባ የሚኖሩ የ41 ዓመት ጠያቂ በኅዳር መጨረሻ የሚያገኙትን የ10 ቀን ፈቃድ ተጠቅመው በአዳማና በአሰላ በኩል ወደ ባሌ ለመጓዝ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠው እስከ ደሎ መና ለመውረድና ለመመለስ እንዳሰቡ ጽፈዋል። ያጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ያገለገለ የ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ወይም አንድ ጥሩ የተራራ ብስክሌት ቢገዛ እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። የሞተር መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ ብስክሌት ደግሞ እሑድ እሑድ ይነዳሉ። ጥያቄያቸው የትኛውን ልግዛ የሚል ሲሆን፣ ባለቤታቸው በበኩላቸው የትኛው ነው አደጋው የሚያንሰው ብለው ጠይቀዋል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከቤትዎ በር ተነሥተው እስኪመለሱ መንገዱን ሁሉ በራስዎ ጎማ መሸፈን ከፈለጉ ሞተሩን ይግዙ፤ በ10 ቀን ውስጥ ሌላ ምርጫ የለዎትም። ዋናው ፍላጎትዎ ባሌን ማየት ከሆነ ግን ብስክሌቱን ይግዙ፤ እስከ አሰላ በመኪና ጣሪያ ላይ ይጫኑት፣ ከአሰላ እስከ ደሎ መና ይንዱት፣ ሲመለሱም እንደገና ይጫኑት። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከርቀቱ እንጀምር። ከአዲስ አበባ በአሰላ በኩል እስከ ጎባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጎባ እስከ ደሎ መና 110 ገደማ ይጨመርበታል፤ ደርሶ መልሱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር አያንስም። ጭነት ይዞ ተራራ የሚወጣ፣ ልምምዱም የእሑድ ብቻ የሆነ ሰው በቀን 70 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው፤ በዚህ ስሌት የዕረፍት ቀን ሳይቆጠር 16 ቀን ያስፈልግዎታል። በሞተር ግን ጎባ ያለ ጥድፊያ በሁለት ቀን ይገባሉ። በአንድ ቀን የሚገቡም አሉ፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ከብት ከግጦሽ ከሚመለስበትና ብርሃን ከሚደክምበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥሙ አልመክረውም።

ሁለቱን የሚያወዳድሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሞተር ይፈጥናል፣ ብስክሌት ያደክማል ብለው ይለያያሉ። ከዚህ ንጽጽር የሚቀረው ትልቁ ነገር ብስክሌት የሚጫን መሆኑ ነው። ሞተር ይዞ የወጣ ሰው የትም ቢደርስ ሞተሩን ወደ ቤቱ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ቢታመም፣ ዝናብ ቢይዘው ወይም ፍሪሲዮኑ ቢቃጠል አይሱዙ ፈልጎ፣ የሚያነሡ ሰዎች ለምኖ፣ በባለመኪናው ዋጋ ተስማምቶ ነው የሚጭነው። ብስክሌተኛው ግን መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያነሣል። ከዚህ የተነሣ የብስክሌት ጉዞ እንደ አቅምና እንደ ቀኑ ሊቆራረጥ ይችላል፤ የማይወዱትን ክፍል መዝለል፣ የሚወዱትን ማስረዘም፣ መልሱን ጨርሶ መተው ይቻላል። በ10 ቀን 1,100 ኪሎ ሜትር መሸፈን ያልቻለው ብስክሌት፣ ከአሰላ ወዲያ ያለውንና ሊታይ የሚገባውን መንገድ ለማየት ግን ከበቂ በላይ ጊዜ ይሰጥዎታል።

የሚዘለለውም ክፍል የሚያስቆጭ አይደለም። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስላልተፈቀደ እስከ አዳማ ያለው ምርጫ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው የድሮው መንገድ ነው፤ እሱም ከባድ መኪና የሚበዛበት፣ የጭስና የጡሩምባ መንገድ ነው። ከአዳማ እስከ አሰላ ደግሞ ከ1,600 ሜትር ገደማ ወደ 2,430 ሜትር የሚወስድ ረጅም አቀበት አለ፤ ሰውነትዎ ገና ባልተፍታታበት የመጀመሪያ ቀን ይህን መጋፈጥ ለቀሩት ቀናት አይበጅም።

አጫጫኑን ግን ለረዳቱ ብቻ አይተዉት። ጣሪያ ላይ ራስዎ ይውጡ። ፔዳሎቹን ፈትተው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፤ የኋላ ማርሽ መለወጫው ወደ ላይ እንዲሆን ብስክሌቱን በግራ ጎኑ ያስተኙት፤ ከሥሩ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ያንጥፉ። ለማሰሪያ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በረጅሙ የተቆረጠ ጎማ ከገመድ ይበልጣል፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ይሳብና ይመለሳል እንጂ አይላላም፣ ቀለሙንም አይፍቅም። ከታሰረ በኋላ በላዩ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ወይም የብረት አልጋ እንዳይጫን ለረዳቱ በግልጽ ይንገሩት፤ የጭነቱንም ሒሳብ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ። ፍሬን በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ ጎማው በወለቀበት ሁሉ ፍሬኑን አይጭበጡት፤ ሸራዎቹ ይጋጠሙና ለመለየት ያስቸግራሉ።

ወደ ዋናው ፈተና፣ ወደ ሳነቴ አቀበት እንምጣ። ጎባ በ2,740 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጠጠር መንገድ 1,260 ሜትር ያህል ያስወጣል፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ አምስት ሜትር ማለት ነው። እርስዎ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በአንድ ላይ 110 ኪሎ ትመዝናላችሁ እንበል። ልምምዱ መካከለኛ የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይሰበር ሊያመነጭ የሚችለው ኃይል 100 ዋት ገደማ ነው። በዚህ ኃይል፣ በዚህ ክብደትና በዚህ ዳገት የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዳገቱን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ይጠይቃል። ያውም የአየሩ መሳሳት ሳይታሰብ ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ የሰውም አቅም አብሮ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ መሆንዎ ግን ይረዳዎታል፤ በ2,350 ሜትር የሚኖር ደም ከባሕር ዳርቻ እንደመጣ እንግዳ አይደነግጥም።

ስለዚህ ብስክሌት ሲገዙ ከስሙና ከቀለሙ በፊት ጥርሶቹን ይቁጠሩ። የፊተኛው ትንሹ ጥርስ ከኋለኛው ትልቁ ጥርስ በቁጥር ማነስ አለበት፤ ለምሳሌ ፊት 22፣ ኋላ 36 ቢሆን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እየሄዱ በደቂቃ 65 ጊዜ ያህል ይረግጣሉ፣ ጉልበትም አይጎዳም። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ወይም የፊተኛው ከበለጠ እያንዳንዱ ርግጫ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል፤ ጎባ ሳይርቁ ወርደው መግፋት ይጀምራሉ። መግፋት ነውር አይደለም፣ ነገር ግን አምስቱን ሰዓት ሰባት ያደርገዋል። ጎማው ሁለት ኢንች ስፋት ይኑረው፤ ጠጠሩ ላይ ሲገቡም ነፋሱን ጥቂት ያስተንፍሱት።

ሞተር ዳገቱን በአንድ ሰዓት ቢወጣውም ከአየሩ አያመልጥም። ቤንዚን ለመንደድ አየር ይፈልጋል፤ አየር እየገፋ የሚያስገባለት መሣሪያ (ተርቦ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ መቶኛ ገደማ ያጣል፤ በዚህም መሠረት የ150 ሲሲው ሞተር ሳነቴ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ሌላም ችግር ይመጣል። ካርቡሬተሩ አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሎ የሚለቀው ቤንዚን መጠኑን ሳይቀንስ አየሩ ስለሚሳሳ ውህደቱ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይታፈናል። ካንዴላውን ፈትተው ቢያዩት ጫፉ በመደበኛው ጊዜ ከሚኖረው ቡናማ መልክ ወጥቶ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ያገኙታል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ይመልሱት፤ አንድ አዲስ ካንዴላና መፍቻውንም ከመቀመጫው ሥር ይያዙ። የአየር ማጣሪያውን ጎባ ላይ አራግፈው ማጽዳት ብቻ እንኳ ልዩነት ያመጣል። በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርፌ የሚሠራ ሞተር ውህደቱን በራሱ ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን እሱም አይፈጥረውም። ይህ ሁሉ የሚያሳስበው ኋላ ላይ ሰው ለሚጭን ነው፤ ብቻዎን ከሄዱ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይወጣል።

ጠጠሩ ላይ ደግሞ የሁለቱ ጠባይ ይገለበጣል። ከባድ መኪና እያመላለሰ እንደ ቆርቆሮ ያሸበሸበው መንገድ ለሞተር መካከለኛ ፍጥነት እጅግ ክፉ ነው፤ ዝግ ካሉ ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ከፈጠኑ ጎማው ከመሬት እየተላቀቀ በመታጠፊያው ላይ ይንሸራተታል። ብስክሌተኛ መንገዱ ዳር ባለችው አንድ ስንዝር ለስላሳ ቦታ ይሄዳል። ከአምባው ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ማርሽ ይዞ በሞተሩ ጉልበት ይወርዳል፣ ፍሬን አያነድም። ብስክሌት ከ4,000 ሜትር ደሎ መና ወዳለበት 1,300 ሜትር ገደማ ሲወርድ ያን ሁሉ ኃይል የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ ጨብጠው አይውረዱ፤ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፣ አልፎ አልፎም ቆመው ያቀዝቅዙት፣ የፍሬን ሸራውንም ከጎባ ሳይወጡ ይለውጡት።

ስለ እይታው ብዙ መጨመር አያስፈልግም፣ ሆኖም አንድ ነገር ልበል። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ በቀን ነው የሚያድነው፤ ፍልፈልና አይጥ ላይ አድብቶ በጅብራው መካከል ዝም ብሎ ሲቆም ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ይታያል። ብስክሌተኛ ሲቆም ድምፅ የለውም፤ ሞተረኛ ሞተሩን ሲያጠፋ ቀበሮው ቀድሞ ሰምቶታል። ሞተር ይዘው ከሄዱ ደግሞ አምባው ሜዳ ነው ብለው አይክነፉ፤ በዚያ መንገድ ላይ በተሽከርካሪ ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎች አሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ዲንሾ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ። ከዚያ በፊት በሚያልፉባት በቆጂ ደግሞ፣ የደራርቱ ቱሉና የቀነኒሳ በቀለ ከተማ ናትና፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከብስክሌትዎ ጎን እየሮጡ ስምዎን ቢጠይቁዎ እርስዎ ለመመለስ ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ እነሱ ግን አያጥራቸውም።

ብርዱን በቁም ነገር ይውሰዱት። ኅዳር ዝናቡ የሚቆምበት ወር በመሆኑ ለመንገዱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በበጋ ሌሊት ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ቀን ላይ 5 ዲግሪ ቢሆንና ሞተር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዱ፣ ነፋሱ ቆዳዎ ላይ የሚያሳድረው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ያህል ይሆናል። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑም ያሉት በጣቶች ላይ ነው። ብስክሌተኛው ሲወጣ ይሞቀዋል፣ አደጋው ጫፍ ላይ ደርሶ በላብ የራሰ ካናቴራ እንደለበሰ መውረድ ሲጀምር ነው፤ ደረቅ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙና ከመውረድዎ በፊት ይለውጡ። በሁለቱም ቢሄዱ አምባው ላይ አይደሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎ እስኪያልፍ አይጠብቁ፣ ወደ ጎባ ወይም በሐረና በኩል ወዳለችው መንደር ወደ ሪራ ይውረዱ።

የባለቤትዎን ጥያቄ ለብቻው ልመልስ። አንድ አካል ሲጋጭ የሚለቀው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ20 ከሚሄደው ሦስት እጥፍ ቢፈጥንም ሲወድቅ የሚቀበለው ምት ዘጠኝ እጥፍ ነው። ይህ ብስክሌትን የሚደግፍ ነው። በተቃራኒው ብስክሌተኛ ከኋላው የሚመጣ መኪና ቀኑን ሙሉ ያልፈዋል፤ ሞተረኛ ከመኪኖቹ ጋር እኩል ስለሚሄድ የሚያልፈው ጥቂት ነው። በእኔ ግምት በአዲስ አበባና በአዳማ መካከል ሁለቱም ያሰጋሉ፣ ከበቆጂ ወዲያ ግን መኪናው እየሳሳ ስለሚሄድ ብስክሌቱ በግልጽ ይሻላል። ሞተር ከተመረጠ የራስ ቁሩ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ፤ የራስ ቁር በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ40 በመቶ ገደማ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች በአንድ ላይ ተጠቃልለው አሳይተዋል። አገጩን የሚሸፍን ይሁን፣ ማሰሪያውም ይታሰር። በሁለቱም ከመሸ በኋላ አይንዱ፤ ከመነሣትዎ በፊትም ሆነ በየደረሱበት ከተማ የቀጣዩን መንገድ ጸጥታ ይጠይቁ።

ብስክሌት ላይ ብቻ የሚመጣ አንድ አደጋ አለ፤ እሱም የእረኛ ውሻ ነው። ለማምለጥ አይሞክሩ፤ ዳገት ላይ አይቻልም፣ ሜዳም ላይ የሚሮጥ ነገር ማባረር ያነሣሣዋል። ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በመካከል ያድርጉ፣ እረኛውን ይጥሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው እዚያው ይበርዳል። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለሩብ ሰዓት አጥበው በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ቀይ ቀበሮዎቹን ከአንዴም ሁለቴ የጨረሳቸው ከመንደር ውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ ነው።

ሞተሩ በበኩሉ ብስክሌት የማያውቃቸው ወረቀቶች ይጠይቃል። ያገለገለ ሲገዙ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ያረጋግጡ፣ ስሙንም ሳያዛውሩ አይውጡ፤ በሌላ ሰው ስም ያለ ሞተር ኬላ ላይ ብዙ ያስረዳል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሊትር ቢቆጥሩ 12 ሊትር የሚይዝ ጋን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል፤ ጎባ ደርሶ ከመውረድ በፊት ሮቤ ላይ ይሙሉ። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን የግድ ሲሆን ብቻ ይግዙ፤ ያኔም በንጹሕ ጨርቅ ያጣሩት። የብስክሌቱ ነዳጅ ቀላል ነው፤ በሶና ቆሎ ይያዙ፣ አርሲና ባሌ ውስጥ ደግሞ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ካገኙ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት የበለጠ ዳገት ያስወጣዎታል። ውኃ ከጎባ ሲነሡ ከሦስት ሊትር አያንስ።

ቀናቱን በዚህ መልክ ቢያከፋፍሏቸው ይበቃዎታል። በመጀመሪያው ቀን በመኪና አሰላ ይግቡ፤ በሁለተኛው በሳጉሬ በኩል በቆጂ ይደሩ፣ ርቀቱ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዳገት ስላለው አይናቁት። ሦስተኛው ቀን በአሳሳ በኩል ዶዶላ፣ አራተኛው አዳባ ነው፤ ይህ ቀን ሆን ተብሎ አጭር ሆኗል፣ ምክንያቱም አምስተኛው ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ዲንሾ የሚያስወጣ ነው። ዲንሾ ላይ ስድስተኛውን ቀን በእግር ይዋሉ፣ የደጋ አጋዘኑም እዚያው ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ይታያል፣ ከፍታውንም ሰውነትዎ ይለምደዋል። ሰባተኛው ቀን በሮቤ በኩል ጎባ ሲሆን አብዛኛው ቁልቁለት ነው። በስምንተኛው ከጎሕ በፊት ተነሥተው ሳነቴን ያቋርጡና ሪራ ይደሩ፤ የአምባውን ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱን፣ 4,377 ሜትሩን ማለቴ ነው፣ ለመውጣት የሚሞክሩት ከእኩለ ቀን በፊት አምባው ላይ ከደረሱ ብቻ ነው። ዘጠነኛው ቀን በሐረና ጫካ ውስጥ ወደ ደሎ መና የሚወርዱበት ነው። ደሎ መና እንደደረሱ ከመታጠብዎም ከመብላትዎም በፊት መናኸሪያ ሄደው የነገውን መኪና ሾፌር ያነጋግሩ፤ መኪናው ጎሕ ሳይቀድ ስለሚነሣ ብስክሌቱ ማታውኑ ጣሪያ ላይ መታሰር አለበት።